«እንጦጦ» ብለው ቢፈልጉ የማይገኝ እንጦጦ

ስለ እንጦጦ ባሕር ዛፍ ማጥናት የፈለገ አንድ የየካ ልጅ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ኮምፒውተሩ ላይ «እንጦጦ» ብሎ ይጽፋል እንበል። የምኒልክና የጣይቱ ቤተ መንግሥት ይመጣለታል፣ እንጦጦ ማርያም ትመጣለታለች። ማገዶ ተሸክመው ወደ ፈረንሳይና ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርዱት እናቶች ግን የሉም። እነሱ ያሉት ስለ ደን፣ ስለ ማገዶ ገበያና ስለ ከተማ ድህነት በተጻፉ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ ሽፋኑ ላይ ደግሞ «እንጦጦ» የሚል ላይኖር ይችላል። ልጁ ምን ያደርጋል? «የተጻፈ ነገር የለም» ብሎ የመመረቂያ ጽሑፉን ርዕስ ይቀይራል። ስንት ጥናት እንዲህ እንደቀረ አስቡት።

መውጫው ቀላል ነው፤ ግን ማንም አያስተምረንም። አንድ የሚሆን መጽሐፍ ስታገኙ የካታሎግ መዝገቡን እስከ ታች አንብቡት። ከደራሲውና ከአሳታሚው በታች የርዕሰ ጉዳይ መስመር አለ። በ1968 እ.ኤ.አ. የታተመውን የሪቻርድ ፓንክረስትን የኢትዮጵያ የኢኮኖሚ ታሪክ ብትከፍቱ «ኢትዮጵያ፣ የኢኮኖሚ ሁኔታ» ወደሚለው መስመር ይወስዳችኋል። እሱን ስትጫኑ ርዕሳቸው ላይ «ኢኮኖሚ» የሚል ቃል የሌለባቸውም ጭምር ይሰለፉላችኋል። የመደርደሪያ ቁጥሩም ይጠቅማል። በዴዊ አመዳደብ የኢትዮጵያ ታሪክ 963፣ ደን ደግሞ 634.9 ነው። አንዱ እንጦጦ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ተቀምጧል ማለት ነው።

ለአማርኛ ጉዳዩ ይብሳል። ባሕር ዛፍ፣ ባህር ዛፍ፣ ባሐር ዛፍ፦ ለእኛ አንድ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ሦስት። መዝጋቢው በአንድ አጻጻፍ የርዕሰ ጉዳይ መስመር ካልሞላ መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ እያለም የለም። የአሜሪካው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በናይሮቢ ቢሮው በኩል የአማርኛ መጻሕፍትን እየገዛ ይመዘግባል፤ ካታሎጉ በኢንተርኔት በነፃ ይታያል። የራሳችንን መጽሐፍ መዝገብ ዋሽንግተን ሄዶ መፈለግ ትንሽ ያሳፍራል፤ ግን ይሠራል፣ ተጠቀሙበት።

አብርሆት በ2014 ዓ.ም. ሲከፈት ያወራነው ስለ ሕንፃውና ስለ መጻሕፍቱ ብዛት ነበር። መጽሐፍ ማሰባሰብ ደስ ይላል፣ ፎቶም ይወጣል። መመዝገብ ፎቶ የለውም። በኢኮኖሚክስ የፍለጋ ወጪ የምንለው ነገር አለ፦ ዕቃው ኖሮም ማግኘቱ ውድ ከሆነ ገዢው ትቶት ይሄዳል። በኔ እምነት ከዚህ በኋላ መጽሐፍ ለማሰባሰብ ከሚወጣው ገንዘብ ውስጥ ለመዝጋቢዎች ደመወዝ ድርሻ መቀመጥ አለበት፣ በተለይ ለክፍለ ከተማና ለወረዳ ቤተ መጻሕፍት። የካ ውስጥ ኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ አለ። የጂኦግራፊና የታሪክ ተማሪዎች በክረምት ከባለሙያ ጋር ተቀምጠው የርዕሰ ጉዳይ መስመሮቹን ቢሞሉ ብዙ ይቃለላል። በነፃ ግን አይሁን፤ ይከፈላቸው።