ናሩቶ ቆቦ ቢወለድ ኖሮ

እስቲ ዛሬ ከፖለቲካው ትንሽ ዞር እንበልና ስለ ካርቱን እናውራ። «ካርቱን» በማለቴ ከወዲሁ የሚቆጡኝ ልጆች አሉ። ቆቦ ውስጥ አሥራ አምስት ዓመት የሞላውን ልጅ ያዙና ናሩቶን ካርቱን ብላችሁ ጥሩለት፤ «አኒሜ ነው!» ብሎ ያፈጥባችኋል። የራያ ልጅ ሲቆጣ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ለማያውቁት ባጭሩ፦ ማንጋ በጃፓን በሥዕል የሚተረክ ታሪክ ነው፤ ወደ ፊልም ሲቀየር አኒሜ ይባላል። ሾነን የሚሉት ለጎረምሳ ወንዶች የሚዘጋጀውን ነው፤ ፍልሚያ፣ ልምምድ፣ ጓደኝነት፣ እንደገና ፍልሚያ። ናሩቶን ማሳሺ ኪሺሞቶ የተባለ ሰዓሊ ሾነን ጃምፕ በተሰኘው ሳምንታዊ መጽሔት ላይ ከ1999 እስከ 2014 (እ.ኤ.አ.) ሠርቶታል፤ 700 ምዕራፍ፣ 72 ቅጽ። እኛ ጋ መጽሐፉ አልደረሰም። የደረሰው ፊልሙ ነው፤ መጀመሪያ በሲዲ፣ ቀጥሎ በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ። ታላላቆቻችን ቪዲዮ ቤት ተኮልኩለው የካራቴ ፊልም እንዳዩት፣ የእኛና የታናናሾቻችን ትውልድ ደግሞ አንዲት ስልክ ላይ አራት ጭንቅላት ደርድሮ ናሩቶን አየ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ እንኳ ከስልክ ወደ ስልክ መሻገሩ አልቀረም። አላማጣም ወልድያም ያለ ልጅ የሚያየው ይህንኑ ነው።

ታዲያ ምኑ ነው እንዲህ የያዛቸው? «ድብድብ ነዋ!» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም፤ ቢያንስ ድብድቡ ብቻ አይደለም። ናሩቶ ወላጅ የሌለው፣ የሠፈሩ ሰው ልጆቹን «እንዳትጠጉት» የሚልበት፣ የትምህርት ቤቱን መውጫ ፈተና ሦስት ጊዜ የወደቀ ልጅ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ በነበሩበት አገር፣ ሦስት ጊዜ ወድቆ «የመንደሩ መሪ እሆናለሁ» እያለ የሚጮህ ልጅ ስንት ወዳጅ እንደሚያፈራ መገመት አያቅትም።

ሮክ ሊ የተባለውን ደግሞ አትርሱት። ይህ ልጅ ሌሎቹ የሚሠሩትን ጥበብ አንዱንም መሥራት አይችልም፤ ያለው እጅና እግሩ፣ እልሁም ነው። ከጋራ ጋር ሲጋጠም ከእግሩ ላይ ክብደቱን አውልቆ የሚጥልበት ቦታ፣ ለእኔ ከዚህ ዓይነት ሥራዎች ሁሉ የሚበልጥ ነው። ልፋት በዓይን ይታያል። ማን የት ቆሞ እንደመታ፣ ምን አስቦ እንደመታ ይገባሃል። ሆሊውድ ካሜራውን እያንቀጠቀጠ የሚደብቀውን ኪሺሞቶ በጥቁር ቀለምና በነጭ ወረቀት ቁልጭ አድርጎ አስቀምጦታል። ስለዚህ «ልጆቹን ዱርዬ ያደርጋል» የሚሉትን አባቶች አልደግፍም። ብዙው ቦታ ልምምድ ነው፤ ላብ ነው።

ግን እዚያው ላይ ደግሞ ያናድደኛል። መቶ ምናምን ክፍል ሙሉ «ልፋት ከዘር ይበልጣል» ሲለን ከርሞ፣ ቆይቶ ናሩቶ የማን ልጅ ነው? የአራተኛው መሪ ልጅ! እሱም አልበቃ ብሎ የጥንቱ ታላቅ ጠቢብ ልጅ መንፈስ ዳግመኛ የተወለደበት ሆኖ ተገኘ። እናንተዬ! ሥራ ፈላጊው ወረፋ ይዞ ሲንከራተት ከርሞ በመጨረሻ የኃላፊው የእህት ልጅ ሆኖ እንደመገኘት ማለት ነው። ሮክ ሊም ከዚያ በኋላ የትም አይታይም፤ በሺህ በሚቆጠር ሕዝብ መሐል አረንጓዴ ልብሱ ብልጭ ይልና ይጠፋል።

በሴቶቹ ጉዳይ ብዙ አልልም፤ ብጀምር አላበቃም። ሳኩራ ጎበዝ ሐኪም ናት፣ በጡጫ መሬት ትሰነጥቃለች፤ ሆኖም ታሪኩ የሚያስፈልጋት ሳስኬን እንድትጠብቅለት ነው። ፊልሙም መሐል ላይ ይጎትታል። የመጀመሪያው ተከታታይ 220 ክፍል ሲሆን ከ136ኛው በኋላ ያለው ሁሉም ማለት ይቻላል መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ማሟያ ነው። ሚሞሪያችሁን አታጨናንቁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ። ናጋቶ፣ ልጆቹ ፔይን የሚሉት ሰው፣ የተወለደው በትልልቆቹ አገሮች መካከል በተጣለች ትንሽ አገር ነው። ትልልቆቹ በተጣሉ ቁጥር የሚዋጉት እሷ ላይ ነው። ወላጆቹን የገደሉት የናሩቶ አገር ወታደሮች ናቸው፤ እዚያው ቤታቸው ውስጥ፣ ልጁ እያየ። አድጎ ይመለስና የናሩቶን መንደር ያወድማል፤ ከዚያም ይጠይቀዋል፦ እናንተም ስትገድሉ ለፍትሕ ነው አላችሁ፣ እኔም ለፍትሕ ነው፤ ይህን ጥላቻ አንተ እንዴት ታቆመዋለህ?

ይህን ጥያቄ ቆቦ ተቀምጦ ማየት ቶኪዮ ተቀምጦ እንደማየት አይደለም። ከተማዋ በሐምሌ 2013 በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች፤ በነሐሴ 2014 እንደገና። ጳጉሜ 4 ቀን 2013 በከተማዋ ስለተገደሉት ሰላማዊ ሰዎች አምነስቲ ኢንተርናሽናል በየካቲት 2014 ባወጣው ሪፖርት ጽፏል። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ ሌላ ተኩስ መጣ። እንግዲህ አባቱን ወይም ወንድሙን ያጣ ልጅ ስልኩ ላይ አጎንብሶ ፔይንን ሲያይ ከማን ጋር ሆኖ እንደሚያይ ለመናገር አልደፍርም። ጥያቄው ግን በደንብ እንደሚገባው አውቃለሁ። የልጆች መዝናኛ የተባለ ሥራ ይህን ያህል ርቆ መሄዱ ለኪሺሞቶ ትልቅ ምስጋና ነው።

መልሱ ላይ ግን ሸሸ። ናሩቶ ናጋቶን አልገድልም ይላል፤ እስከዚህ ድረስ ግሩም ነው። ከዚያስ? ናጋቶ ልቡ ይነካና የገዛ ሕይወቱን ከፍሎ በመንደሩ የገደላቸውን ሰዎች ከሞት ያስነሳቸዋል! እናት ልጇን አቀፈች፣ ተማሪው መምህሩን አገኘ፣ መንደሩ ሁሉ ናሩቶን ተሸክሞ ጨፈረ። የሞተ ሁሉ የሚነሳ ከሆነ ይቅርታ ምን ይከብዳል? ይህንማ እኔም አደርገዋለሁ። የሚከብደው ሟች መቃብር ውስጥ እንዳለ፣ ገዳዩም ገበያ መሐል እያለፈ ነው።

የእኛ ሽማግሌዎች ይህን ያውቃሉ። ራያ ቆቦ ውስጥ ዘወልድ በሚባለው የዕርቅ ሥርዓት፣ በሌላው ወሎ አበጋሮቹ ዘንድ፣ ደም የሚደርቀው ማን ማንን እንደገደለ ከታወቀና ካሳ ከተቆረጠ በኋላ ነው። ናሩቶ ላይ ግን የኡቺሃ ዘር በመንደሩ ሹማምንት ትእዛዝ ሲጨፈጨፍ፣ እውነቱ እስከ መጨረሻው ለሕዝቡ በአደባባይ ሲነገር አናይም። ከትእዛዙ ጀርባ የነበሩት ሁለቱ አማካሪ ሽማግሎችም በወንበራቸው ላይ ናቸው። በመጨረሻው ጦርነት ደግሞ የክፋቱ ሁሉ ምንጭ ካጉያ የምትባል፣ ከሰማይ የወረደች አምላክ ቢጤ ሆና ትመጣለች። ሁሉም አገሮች በእሷ ላይ ተባበሩና ስለ ትንሿ የዝናብ አገር የሚጠይቅ ሰው ጠፋ። ሰይጣን አሳሳተን ብሎ መገላገል ማለት ይሄ ነው።

«ለጎረምሳ ከተጻፈ ነገር ይህን ያህል ትጠብቂያለሽ ወይ?» ለሚለኝ መልስ አለኝ፤ ፉልሜታል አልኬሚስት። ይህም ሾነን ነው፤ ሂሮሙ አራካዋ የተባለች ሴት ከ2001 እስከ 2010 በ27 ቅጽ የሠራችው። ገና ሲጀምር ሁለት ወንድማማቾች እናታቸውን ከሞት ሊያስነሱ ሞክረው አንዱ እግሩን፣ አንዱ መላ አካሉን ያጣል፤ እናትየው ግን አልተነሳችም። የሞተ አይመለስም፤ ደንቡ ይሄ ነው፣ ጸሐፊዋም ዘወር ብላ አትሰርዘውም። ስካር የሚባለው ሰው ወገኖቹ ኢሽቫል ላይ ተጨፍጭፈውበት የሚበቀል ነው፤ በበቀሉ መሐል ቁስሉን ያከሙለትን ሐኪሞች ገደለ። ልጃቸው ዊንሪ ሽጉጥ ይዛበት አልተኮሰችም። በኋላ ሌላ ቀን ክንዱ ሲደማ ወላጆቿ ቢኖሩ የሚያደርጉት ይህን ነው ብላ ቁስሉን ታስርለታለች። ይቅር ብለሽኛል ማለት ነው ወይ ሲላት፣ አላልኩህም ትለዋለች። ኢሽቫል ላይ የተኮሱት ወታደሮችም ያደረጉትን «አላደረግንም» አይሉም።

እኔ ከ700 ምዕራፍ ናሩቶ ይልቅ ይህችን አንዲት ቁስል የማሰር ቦታ እመርጣለሁ። የእኛም ሰው ጀምሯል እኮ፤ ብስራት ደበበ በ2018 (እ.ኤ.አ.) በአማርኛም በእንግሊዝኛም ያወጣው «ጀምበር» አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ ስለሚፈልግ ምሩቅ ጀግና ነው (ሥራ ፈላጊ ምሩቅ ጀግና መሆኑን የተረዳልን ሰው በማግኘቴ ደስ ብሎኛል)። የቆላው ልጅ፣ ማሽላ የሚጠብቀው፣ ገና አልተሳለም።

እስከዚያው ፉልሜታልን የምትጭኑ ልጆች፣ «ብራዘርሁድ» የሚለውን ጠይቁ፤ 64 ክፍል ነው። የ2003ቱ (እ.ኤ.አ.) 51 ክፍል ሲሆን የሠሩት መጽሐፉ ሳያልቅ ስለነበር መጨረሻው ሌላ ነው።