የክረምቱ ምርምር ወደ ሠርቶ አደሩ ማሳ ይውረድ!

ዕውቀት የሚፈልቀው የሰው ልጅ ተፈጥሮን ለመለወጥ ከሚያደርገው ትግልና ከዕለት ተዕለት ሥራው ነው። ከዚህ ምንጭ የተነጠለ ዕውቀት ውሎ አድሮ መድረቁ አይቀሬ ነው። ሆኖም በየዓመቱ አንድ ቅራኔ ሲደገም እናያለን። ክረምት ሲገባ የዩኒቨርሲቲዎቻችን በር ይዘጋል፤ በትምህርታቸው ልቀው የተገኙት ተማሪዎችም የማዕረግ ውጤታቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ይበተናሉ። በዚያው ወቅት በመተማና በቋራ ቆላ የዓመቱ ከባድ ሥራ ይጀመራል።

ከደጋው የሚወርደው ወዝ አደር ሰሊጡን፣ ጥጡንና ማሽላውን የሚያርመው በክረምቱ ወራት ነው። የሰሊጡ አጨዳም ጊዜ አይሰጥም፤ ጥቂት ከዘገየ ማቀፊያው ተከፍቶ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። ሠራተኛው በማሳው ዳር፣ ከግራር ሥር፣ በዋልካው አፈር ላይ ያድራል። ካላአዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብም የምትገኘው በዚሁ የግራርና የዋልካ ምድር ነው። በሽታው ለሳምንታት በሚዘልቅ ትኩሳት ይታያል፤ ጣፊያን ያሳብጣል፤ ሰውነትን ያመነምናል፤ ካልታከመም ይገድላል። የተለመደው ሕክምና ለ17 ቀን በመርፌ የሚሰጥ ነው። ይህም ለቀን ሠራተኛው የ17 ቀን እንጀራ ማጣት ማለት ነው።

በበጋ የሚመጣ ተመራማሪ መንገዱን ደርቆ ያገኘዋል፤ ሊጠይቀው የሚሻውን ወዝ አደር ግን አያገኘውም። ሠራተኛው የት እንደሚያድር፣ አጎበር ይኑረው አይኑረው፣ ትኩሳት ከያዘው በስንት ቀኑ ጤና ጣቢያ እንደሚደርስ የሚታወቀው ከእርሱ ጋር በከረመ ሰው ብቻ ነው።

ቸልታው የሚያስከፍለው ዋጋ ታይቷል። በ1997 ዓ.ም. በደቡብ ጎንደር፣ በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ የካላአዛር ወረርሽኝ መከሠቱ ተረጋገጠ። በሽታው ቀድሞ ያልታወቀበት ደጋማ አካባቢ በመሆኑ፣ ትኩሳቱ መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ መስሎ ነበር። በሽታውን ወደዚያ ያደረሱት ከሑመራና ከመተማ የተመለሱ የወቅት ሠራተኞች እንደሆኑ ይታመናል። ወዝ አደሩ ግን ተከሳሽ አይደለም፤ የመጀመሪያው ተጠቂ እርሱ ነው።

ተማሪን ወደ ሕዝብ ማሠማራት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በደምቢያ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከፈጀው የወባ ወረርሽኝ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ጤና ጣቢያዎች እየላከ አስተምሯል። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻም ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን በገጠር አሠማርቷል። የዘመቻው ትምህርት ግን ሁለት ገጽ አለው። ወጣቱ ሕዝቡን አወቀ፤ ነገር ግን ብዛትና ትእዛዝ ብቻቸውን ምርምርን እንደማይወልዱ አብሮ ታየ።

ለምርምር የሚያስፈልገው አስተዋይ ዓይን ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ወጣቱ ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከዚያ በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ለመዋጋት የዋለው ግኝት የተጀመረው ከልብስ አጣቢዎቹ ልማድ ነበር። የእንዶድን አረፋ ለዘመናት ያወቁት እነርሱ ናቸው፤ ሳይንቲስቱ ደግሞ ጥያቄውን አነሣ።

«የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ምን ያውቃል?» የሚሉ አይጠፉም። በሌሎች አገሮች ልቀው የተገኙ ተማሪዎች በክረምቱ ዕረፍት ስምንትና ዐሥር ሳምንት ከአንድ መምህር ሥር ሆነው አንድ ጥያቄ ይመረምራሉ፤ መመራመርንም የሚማሩት በዚሁ ነው። ለጎንደርም የሚበጀው ይኸው መንገድ ነው እንላለን። ጥቂት፣ በፈቃዳቸው የተነሡ ተማሪዎች፤ ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄና አንድ ኃላፊ መምህር፤ ለኑሯቸውም በቂ አበል ይመደብ።

በሱዳን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የፈነዳው ጦርነትና በዚያው ዓመት ክረምት በክልላችን የተቀሰቀሰው ግጭት ሥራውን እንዳከበዱት አሌ አይባልም። የተማሪው ደኅንነት ካልተረጋገጠ ማንም መሠማራት የለበትም። መንገዱ የማያስኬድ በሆነበት ክረምት ግን ጥያቄውን አዘጋጅቶ፣ ከሠራተኛው ደጋ ቤት ጀምሮ መጠየቅ ይቻላል።

የቀበሌ አባላት ድርሻም ቀላል አይደለም። ማደሪያ መስጠት፣ መንገድ ማሳየት፣ ከሁሉም በላይ ውጤቱን መጠየቅ የእናንተ መብት ነው። የተገኘው ነገር በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ከመቀመጡ በፊት በቀበሌው ስብሰባ፣ ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ ይነበብ። ትኩሳቱን የነገረን ወዝ አደር መልሱን ሳይሰማ ከቀረ፣ ምርምሩ ከላቡ ላይ የተወሰደ ሌላ ግብር ከመሆን አያልፍም።