ከቅባቱ በፊት ባርኔጣው

ለልጆቻቸው ያዘጋጁትን የፀሐይ መከላከያ ንግድ ለማድረግ የሚያስቡ ወላጆች፣ ከቅባቱ ሳይሆን ከባርኔጣው ቢጀምሩ ይበጃል እንላለን።

«ቶሮንቶ ምን ፀሐይ አላትና?» የሚል ካለ፣ ዛሬ ዓለም የሚሠራበትን የፀሐይ ጨረር መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጡት የካናዳ ሳይንቲስቶች መሆናቸውን ይወቅ። ጥቁር ቆዳም ጨረሩን ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አያግድም። ሄልዝ ካናዳ 6 ወር ላልሞላው ሕፃን ቅባት አይመክርም፤ ጥላና ልብስ ይመርጣል።

የፀሐይ ቅባት በአገሩ ሕግ ከመድኃኒት ወይም ከተፈጥሮ ጤና ውጤቶች ስለሚመደብ፣ የመንግሥት ፈቃድና ቁጥር ሳይኖረው አይሸጥም። ሌሊቱን ሙሉ ታክሲ ተነድቶ የተጠራቀመ ገንዘብ ገበያ ሳይታይ እዚያው ሊያልቅ ይችላል። ባርኔጣና እጅጌ ረጅም ልብስ ግን በአንድ የስፌት መኪና ይጀመራል።

እርግጥ ለዚህም ደንብ አለው። የጨርቁ ዓይነት በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ይጻፋል፤ ልጅ አንገት ላይ የሚጠመጠም ገመድ አይደረግበትም፤ «ጨረር ይከላከላል» ከማለት በፊትም ጨርቁን ማስመርመር ይገባል። ሽያጩ በአራት ተከታታይ ሩብ ዓመታት ከ30,000 ዶላር ሲያልፍ ለኤች.ኤስ.ቲ. መመዝገብ ግዴታ ነው።

ዳንፎርዝ ላይ ሱቅ ያላችሁ ወገኖች፣ ለእነዚህ ወላጆች አንድ መደርደሪያ ልቀቁላቸው። ባርኔጣው ገዢ ካገኘ በኋላ ቅባቱ ይታሰብበታል።