የ190ዎቹ ጎሎች ትርፍ የማን ኪስ ገባ?

ሰሞኑን ሰፈራችን ያለው ዲኤስቲቪ ቤት ክርክር ተነሳ፤ ለአገሩ ብዙ ጎል ያገባ ተጫዋች ማነው? ሁሉም በአንድ ድምፅ «ሮናልዶ!» አለ። እኔ ስልኬን አውጥቼ አሳየኋቸው። ክርስቲን ሲንክሌር፣ ካናዳ፣ 331 ጨዋታ፣ 190 ጎል። ሮናልዶ ከ130 በላይ አለው፤ ብዙ ነው፣ ግን 190 አይደለም። አንዱ «እሱማ የሴቶች ነው» አለኝ። ሌላው ደግሞ «ማን ላይ አግብታ ነው?» አለ። ማኪያቶዬ እስኪቀዘቅዝ ተጨቃጨቅን።

የሁለተኛው ልጅ ጥያቄ ተገቢ ስለሆነ ልመልሰው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የአሜሪካዊቷን አቢ ዋምባክን የ184 ጎል ክብረ ወሰን የሰበረችው በጃንዋሪ 2020 ሴንት ኪትስና ኔቪስ ላይ ነው። ጨዋታው 11 ለ 0 አለቀ። እንዲህ ያሉ ጨዋታዎች ቁጥሩን እንዳሳበጡት አልክድም፤ ወንዶቹም ቢሆኑ ትንንሽ አገሮችን ሲያገኙ አይምሩም። ግን ስለ እሷ ማወቅ የሚፈልግ ሰው የ2012ቱን የለንደን ኦሊምፒክ ግማሽ ፍጻሜ ይይ። ኦልድ ትራፎርድ፣ ተጋጣሚዋ አሜሪካ። ሲንክሌር ሦስት ጊዜ አገባች፤ ሦስቱም ጊዜ ካናዳን መሪ አደረገች። አሜሪካኖቹም ሦስቱንም ጊዜ አቻ አደረጉ። ሦስተኛዋ የአቻነት ጎል የመጣችው በፔናሊቲ ነው፤ የፔናሊቲው መነሻ ደግሞ የካናዳ ግብ ጠባቂ ኳሷን ከስድስት ሰከንድ በላይ ይዛለች ተብሎ የተሰጠ ቅጣት ነበር። ያን ጊዜ ይህ ቅጣት ሲሰጥ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ! በጭማሪው ሰዓት፣ ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩት አሌክስ ሞርጋን በጭንቅላት ገጭታ 4 ለ 3 አደረገችው። ሲንክሌር ከጨዋታው በኋላ ለዳኞቹ ባሳየችው ባሕርይ አራት ጨዋታ ታገደች። ያም ሆኖ ውድድሩን በስድስት ጎል ኮከብ ጎል አግቢ ሆና ጨረሰች፤ ካናዳም ነሐስ ይዛ ተመለሰች።

የተወለደችው በ1983 ቫንኩቨር ጎን ባለችው በርናቢ ነው። እናቷ የነርቭ ሥርዓትን በሚጎዳ ከባድ በሽታ ለዓመታት ታመው በ2022 አርፈዋል። ለብሔራዊ ቡድን የተሰለፈችው በ16 ዓመቷ፣ በ2000 ነው። ከዚያ ለዩኒቨርሲቲ ወደ አሜሪካ ሄደች፣ ፖርትላንድ። እኔን የገረመኝ ቀጥሎ ያለው ነው።

ካናዳ ሀብታም አገር ናት አይደል? ሲንክሌር በተጫወተችባቸው ከ20 በላይ ዓመታት ግን የሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ አልነበራትም። እኛ እንኳ የሴቶች ፕሪምየር ሊግ አለን፤ ችግሩ ሌላ ቢሆንም። ስለዚህ ሴትየዋ እንጀራዋ ድንበር ማዶ ሆነ። በ2010 ጎልድ ፕራይድ ከተባለ ክለብ ጋር የአሜሪካን ሊግ ዋንጫ በላች፤ ክለቡ በዚያው ዓመት ተዘጋ። በ2011 ከሌላ ክለብ ጋር ዋንጫውን ደገመች፤ በ2012 ሊጉ ራሱ ፈረሰ። በ2013 አዲስ ሊግ ሲመሠረት ፖርትላንድ ቶርንስ ገብታ ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን ሆነች። መጀመሪያ አካባቢ በዚያ ሊግ የሚጫወቱትን የካናዳ ብሔራዊ ቡድን ልጆች ደመወዝ የሚከፍለው የካናዳ ፌዴሬሽን ነበር። ልብ በሉ፣ ፌዴሬሽኑ በአገሩ ሊግ ስለሌለ የጎረቤትን ሊግ ይደጉማል። የእኛዋ ሎዛ አበራም ስዊድን፣ ማልታ፣ ቀጥሎም አሜሪካ ድረስ የሄደችው ሥራው ያለው እዚያ ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የካናዳ ፌዴሬሽን ከ2019 ጀምሮ የሁለቱንም ብሔራዊ ቡድኖች የስፖንሰርና የቴሌቪዥን መብት ካናዲያን ሶከር ቢዝነስ ለተባለ ኩባንያ ሰጠ። በምላሹ በዓመት ከ3 እስከ 4 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ያገኝ ነበር፤ ቁርጥ ነበር። ውሉን በሚኒባስ ላስረዳችሁ። ሹፌሩ ለባለቤቱ በየቀኑ የተቆረጠ ገቢ ያስገባል፤ ከዚያ በላይ የተሠራው የሹፌሩ ነው። ቀኑ ከከፋ ሹፌሩ ይጎዳል፣ ቀኑ በዓል ከሆነ ደግሞ ያተርፋል። ፌዴሬሽኑ ባለቤቱ ነው፣ ኩባንያው ሹፌሩ።

እና በዓሉ መጣ። በ2021፣ በዘገየው የቶኪዮ ኦሊምፒክ፣ ካናዳ ስዊድንን በመለያ ምት አሸንፋ ወርቅ አገኘች። በመደበኛው ሰዓት አቻ ያደረጋትን ፔናሊቲ ያስገኘችው የ38 ዓመቷ ሲንክሌር ነበረች። የቡድኑ የገበያ ዋጋ ሲያድግ የፌዴሬሽኑ ድርሻ እዚያው ቁርጡ ላይ ቀረ። የኩባንያው ባለድርሻዎች ደግሞ የወንዶቹ የካናዳ ፕሪምየር ሊግ ክለቦች ባለቤቶች ናቸው። ኩባንያው ሕገወጥ ነገር ሠርቷል እያልኩ አይደለም፤ የኪሳራውን ስጋት የተሸከመው እሱ ነው። ግን የራስህን ምርጥ ዕቃ ዋጋው ከመውጣቱ በፊት በቁርጥ ዋጋ ለረጅም ዓመታት ማሰር፣ የኢኮኖሚክስ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪም አያደርገውም።

ተጫዋቾቹ በ2023 ባቀረቡት አሃዝ መሠረት፣ ወርቁ በመጣበት በ2021 ለወንዶቹ ቡድን የወጣው 11 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን ለሴቶቹ 5.1 ሚሊዮን ነው። እርግጥ ወንዶቹ ያን ዓመት የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ላይ ነበሩ፤ ጉዞም ሆቴልም ገንዘብ ይበላል። ሴቶቹ ግን ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ውል እንኳ አልነበራቸውም። በፌብሩዋሪ 2023 ሥራ ሲያቆሙ ፌዴሬሽኑ በሕግ እንደሚጠይቃቸው አስፈራራቸው። ልምምድ ጀመሩ፣ ከጨዋታው በፊትም «በቃ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሐምራዊ ቲሸርት ለብሰው ወጡ። በማርች ሲንክሌርና ሦስት ጓደኞቿ የአገሪቱ ፓርላማ ኮሚቴ ፊት ቀረቡ። እንዲያው አስቡት፤ የዓለም ቁጥር አንድ ጎል አግቢ፣ በዝምተኝነቷ የምትታወቅ ሴት፣ በ39 ዓመቷ እንደራሴዎች ፊት ተቀምጣ ስለ በጀት ስታስረዳ።

በዚያው ዓመት የዓለም ዋንጫ ላይ በስድስት የዓለም ዋንጫዎች ጎል ያገባች የመጀመሪያዋ ሰው ልትሆን አንድ ፔናሊቲ ቀርቷት ነበር፤ የናይጄሪያዋ ቺያማካ ንናዶዚ አዳነችባት። በዲሴምበር ቫንኩቨር ላይ ከ48 ሺህ በላይ ሰው ተሰብስቦ ሸኛት። በኖቬምበር 2024 ከክለብም ተሰናበተች።

የካናዳ የመጀመሪያው የሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ የተጀመረው በኤፕሪል 2025 ነው፤ እሷ ጫማ ከሰቀለች ከአምስት ወር በኋላ። ሊጉን የመሠረተችው ዳያና ማቲሰን የቀድሞ የቡድን ጓደኛዋ ናት። የመክፈቻው ጨዋታም ቫንኩቨር ነበር፣ ሲንክሌር በተሸኘችበት በዚያው ስታዲየም። ሲንክሌር በዚያ ከተማ ክለብ ውስጥ ድርሻ ገዝታለች። ክለቡ ቢያተርፍ ከትርፉ ይደርሳታል፤ ቢከስርም ከኪሳራው።