የተጫዋቾች እግር የወል ግጦሽ ሆኗል

ጨዋታ ባለቀ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ የምናነባቸው አስተያየቶች ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ናቸው። «ይሄ ልጅ ምን ነካው?» «ብር ሲበዛ ሩጫ ቀረ።» «ሰነፍ!» ፋንታሲ ላይ ካፒቴን ያደረግነው ተጫዋች ተቀያሪ ወንበር ላይ ሲቀመጥማ አሰልጣኙ ላይ የማይወርድ ስድብ የለም። ልጁ ከሦስት ቀን በፊት 90 ደቂቃ ሙሉ መጫወቱን ግን ስንቶቻችን ቆጥረናል?

የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፤ ሐኪም አይደለሁም። ሆኖም ይሄ የድካም ነገር ከሕክምና ጥያቄነቱ ይልቅ የኢኮኖሚክስ ጥያቄነቱ ይበልጣል ባይ ነኝ። የሚወስነው ሌላ፣ ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ የሆነበት ጉዳይ ነው።

እስቲ መጀመሪያ ሰውነቱን እንይ። አንድ የመሀል ሜዳ ተጫዋች በአንድ ጨዋታ 10 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሮጣል። ዝም ብሎ ሩጫ ቢሆን ዕዳው ገብስ ነበር። ከባዱ ነገር ድንገት መፈትለኩ፣ ድንገት መቆሙ፣ መዝለሉና መጋጨቱ ነው። በተለይ በፍጥነት ሮጦ ፍሬን መያዝ የጡንቻን ክሮች በጥቃቅኑ ይጎዳል። ጡንቻ ውስጥ እንደ ነዳጅ የሚጠራቀመው ግላይኮጅን ደግሞ በጨዋታው በእጅጉ ይሟጠጣል፤ በደንብ እየበሉም ቢሆን መልሶ ለመሙላት ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። ሕመሙ የሚብሰው በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ነው። ጨዋታው የማታ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ልብ እየመታ፣ መብራቱ ዓይን ላይ እንዳለ እንቅልፍ ከየት ይምጣ?

ለዚህ ነው ባለሙያዎች ደጋግመው 72 ሰዓት የሚሉት። ቁጥሩ እንዲሁ ከሰማይ የወረደ አይደለም።

በጣም የገረመኝ ግን በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ የአንድ ትልቅ የአውሮፓ ክለብ ተጫዋቾችን ለሁለት የውድድር ዘመን ተከታተሉ። በሳምንት አንድ ጨዋታ ሲያደርጉ በየ1,000 ሰዓቱ 4.1 ጉዳት ይደርስባቸው ነበር። በሳምንት ሁለት ሲሆን 25.6 ሆነ፤ ስድስት እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ገራሚው ነገር ይሄ ብቻ አይደለም፤ በሁለተኛው ጨዋታ የሮጡት ርቀት አልቀነሰም። ስክሪን ላይ ለምናይ ሰዎች ልጁ ደህና ነው፣ ይሮጣል። ዕዳው ግን ውስጥ ውስጡን እየተጠራቀመ ነው። ዕዳ ደግሞ ባይታይም ወለድ አለው።

ታዲያ ይሄ ሁሉ እየታወቀ ጨዋታው ለምን ይጨመራል? የገጠር ልጅ የሆናችሁ የወል ግጦሽን ታውቃላችሁ። ሜዳው የሁሉም ነው። አንድ ላም የጨመረ ሰው የላሟን ወተት ብቻውን ይጠጣል፤ የሣሩ ማለቅ ግን የመንደሩ ሁሉ ጣጣ ነው። ስለዚህ ሁሉም ይጨምራል። የተጫዋች እግርም እንዲሁ ሆኗል። ሊጉ አለ፣ የአገር ውስጥ ዋንጫው አለ፣ ዩኤፋ አለ፣ ፊፋ አለ፣ ብሔራዊ ቡድን አለ፣ ክረምት ላይ ደግሞ ክለቡ ራሱ ለገንዘብ ብሎ እስያና አሜሪካ የሚያዞረው ጉዞ አለ። ሁሉም የሚግጡት ከአንድ ልጅ እግር ነው። ሻምፒዮንስ ሊግ ከ2024 ጀምሮ የመጀመሪያውን ዙር ከ6 ወደ 8 ጨዋታ አሳደገ። በ2025 የክለቦች ዓለም ዋንጫ በ32 ቡድን ተካሄደ፣ ያውም የአውሮፓ ተጫዋቾች በሚያርፉበት ሰኔና ሐምሌ። የ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ከ64 ወደ 104 ጨዋታ ከፍ እንዲል ተደረገ። እያንዳንዱ ውሳኔ ለወሳኙ አዋጭ ነው። ተደምሮ ሲታይ ግን እብደት ነው።

ፔድሪን አስታውሱ። በ2020/21 ገና የ18 ዓመት ልጅ ሆኖ ለባርሴሎና ሙሉ ዓመት ተጫወተ፣ ከዚያ የአውሮፓ ዋንጫ፣ ከዚያ ሳያርፍ ቶኪዮ ኦሎምፒክ እስከ ፍጻሜው። ሲደመር ከ70 ጨዋታ በላይ! በቀጣዩ ዓመት ጭኑ ላይ በደረሰበት ጉዳት ለወራት ከሜዳ ራቀ። ሮድሪ ደግሞ በመስከረም 2024 ተጫዋቾች ሥራ ለማቆም ተቃርበናል ባለ በቀናት ውስጥ ከአርሰናል ጋር ሲጫወት የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ያንን ጉዳት ያመጣው ድካሙ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። የተናገረውን ግን ስቀን ያለፍነው ነገር አይመስለኝም።

«ሚሊዮን እየተከፈላቸው ምን ያማርራቸዋል?» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ደሞዙን የሚከፍለው ክለቡ እንጂ ጨዋታ የሚጨምረው አካል አይደለም። ፊፋ በብሔራዊ ቡድን ግዳጅ ላይ ተጎድቶ ከ28 ቀን በላይ ለሚቀር ተጫዋች ካሳ ይከፍላል፤ ገንዘቡ የሚገባው ግን ለክለቡ ነው። ሚሊዮነሮቹም ቢሆኑ ከተጫዋቾች ሁሉ ጥቂቶች ናቸው።

ወደ ቤታችን እንምጣ። የእኛ ፕሪሚየር ሊግ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ክለቦቹን አንድ ከተማ ላይ እየሰበሰበ ሲያጫውት ቆይቷል፤ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ አዳማ። ጥሩ ጎን አለው። ያ ሁሉ የአውቶቡስ ጉዞ ቀርቷል፣ በዲኤስቲቪም ለማየት ችለናል። ሌላውን ጎኑንም እንይ። ተጫዋቹ ለሳምንታት ከቤተሰቡ ርቆ ሆቴል ይከርማል፣ የአንዱ ከተማ ሙቀት ከሌላው ብርድ ጋር አይገናኝም፣ በአንድ ሜዳ ላይ በቀን ሁለት ጨዋታ ሲደረግ ሜዳው ራሱ ይደክማል (እዚህ ላይ ግጦሹ ምሳሌ መሆኑ ይቀርና እውነተኛ ሣር ይሆናል)። በጭቃ ወይም በተቦጫጨቀ ሜዳ ላይ መሮጥ ደግሞ የዛለ ጡንቻን የበለጠ ይፈትናል። እዚህ የተጎዳ ልጅ ሚሊዮን የለውም። ደሞዝ ዘገየ የሚለው ዜና ለእኛ ሊግ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ውሉ ሊያልቅ ሲል ጉልበቱ የሄደ ተጫዋች ደግሞ የሚጠብቀውን መገመት ቀላል ነው።

አንዳንዱ መፍትሔውን የበረዶ ገንዳ ውስጥ ይፈልገዋል። ኢንስታግራም ላይ ያምራል፣ የሕመም ስሜቱንም ትንሽ ያስታግሳል። ይሁንና እንቅልፍንና ምግብን የሚተካ ነገር የለም። እንጀራ በሽሮና በምስር ወጥ በልቶ ዘጠኝ ሰዓት የተኛ ልጅ፣ በረዶ ውስጥ ገብቶ ሌሊቱን ቲክቶክ ላይ ካደረው ይሻላል። ቢሆንም በዚህ ምክር ብቻ ማቆም ሸክሙን መልሶ ተጫዋቹ ላይ መጣል ነው። ቀጣዩ ጨዋታ በሦስተኛው ቀን ከሆነ ዘጠኝ ሰዓት ቢተኛም የጎደለው ቀን አይሞላም።

የግጦሹ መፍትሔ ያው የታወቀው ነው፦ አጥርና ደንብ። ፊፋ በሐምሌ 2025 በጨዋታዎች መካከል ቢያንስ 72 ሰዓት፣ በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ቢያንስ 21 ቀን እረፍት ያስፈልጋል የሚል ስምምነት ላይ ተደርሷል አለ። ያሳዝናል ትልቁ የተጫዋቾች ማኅበር ፊፍፕሮ በስብሰባው አልነበረም። የማይጠበቅ አጥር ደግሞ እንጨት ብቻ ነው። ደንቡን ለሚጥስ ቅጣት ይኑረው፣ ጨዋታ የጨመረም ለተጎዳው ልጅ በቀጥታ ይክፈል።

የእኛ ሊግ ዙሪክን መጠበቅ አያስፈልገውም። መርሐ ግብሩ ሲወጣ ከእያንዳንዱ ጨዋታ ጎን ሁለቱም ቡድኖች ካለፈው ጨዋታቸው ስንት ሰዓት እንዳረፉ ይጻፍልን። አንድ ተጨማሪ መስመር ነው፣ ወጪ የለውም። ያኔ አንዱ ቡድን በ140 ሰዓት፣ ሌላው በ80 ሰዓት እረፍት ሲገናኙ ሁላችንም ከስልካችን ላይ እናየዋለን፤ «ሰነፍ» ብለን ከመጻፋችን በፊት።