ስለ ገና በዓል የበኩሌን አስተያየት

ባለፈው ወር ስብሰባ ላይ የገና ነገር ተነሥቶ ሳንስማማ መበተናችን ይታወሳል። በዕለቱ እኔ ቃለ ጉባኤ ስጽፍ ስለነበር አፌን ይዤ ዋልኩ። አሁን ግን እንደ ጸሐፊ ሳይሆን እንደ አንድ የወንጌል አማኝ የሚሰማኝን ልበል።

ወጣቶቻችን ያሉት ነገር ከመሬት የተነሣ አይደለም። ጌታ የተወለደበት ቀን በመጽሐፍ ቅዱስ አልተጻፈም። የሮም ሰዎች ቀኑን የጻፉበት የታወቀው መዝገብ የተዘጋጀው በፈረንጅ አቆጣጠር በ354 ነው፤ ከልደቱ ሦስት መቶ ዓመት አልፎ ማለት ነው። በእንግሊዝ አገር ፓርላማው በ1647፣ በአሜሪካም የማሳቹሴትስ ሰዎች በ1659 ገና እንዳይከበር ከልክለው ነበር። ከልካዮቹም መጽሐፍ ቅዱስ ከእጃቸው የማይለይ ሰዎች ነበሩ። ታዲያ ምን ሆነ? እንግሊዝ በ1660 ንጉሡ ሲመለስ በዓሉም ተመለሰ፤ ማሳቹሴትስም በ1681 ሕጉን ሻረች።

የኛ ታኅሣሥ 29ና የፈረንጆቹ በዓል ቢሆን በድሮው አቆጣጠር አንድ ቀን ነበሩ። ፈረንጆቹ በ1582 አቆጣጠራቸውን ስለለወጡ ነው ዛሬ 13 ቀን የተራራቁት። በዚህ የሚጣላ ሰው ይገርመኛል። ታኅሣሥ 16 ቀን ጥድ ቆርጦ በሳሎኑ አቁሞ ጥጥ የሚለጥፍበት ደግሞ የባሰ ይገርመኛል፤ ኧረ ጥዱን ለአምበሪቾ ይተውለት!

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ የሆነው በራሴ ቤት ነው። አምና በገና ዕለት ኦርቶዶክስ ጎረቤታችን፣ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ፣ እንደ ልማዳቸው ዶሮ ወጥና ድፎ ዳቦ በልጅ ላኩልን። አርባ ምናምን ቀን ጾመው የፈሰኩበት ማለት ነው። እኔ ገበያ ነበርኩ። ልጄ «ለጣዖት የተሠዋ አንበላም» ብሎ ሰሀኑን እንደተከደነ መለሰው። ማታ ሰምቼ ሮጥኩ። «እማማ፣ ይቅር ይበሉን» ብላቸው «ሰሀኑን መች መለሳችሁ፣ እኔን ነው እንጂ» አሉኝ። የምመልሰው ቃል አጣሁ። እኒህ ሴት ባለቤቴ ስትወልድ ገንፎ ያገነፉ፣ አባቴ ሲሞት ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ የተቀመጡ ናቸው።

ልጄን ቁጭ አድርጌ ቆሮንቶስን አስነበብኩት። ጳውሎስ እኮ የማያምን ሰው እንኳ ቢጠራችሁ የቀረበላችሁን ሳትመረምሩ ብሉ ይላል። እማማ ደግሞ በጌታ ልደት ነው ደስ ያላቸው፤ ጣዖቱ የቱ ጋ ነው? ስለ ቀንም ቢሆን ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ የሚያከብረውም የማያከብረውም ለጌታ ብሎ ያድርገው፣ አንዱ ባንዱ ላይ አይፍረድ ብሏል። አለማክበር መብት ነው። የሰው ሰሀን መመለስ ግን ሌላ ነገር ነው።

መሳላንም አስታውሱ። በአባቶቻችን ጊዜ የዱሮ እምነት ነው ብለው በዓሉን እርግፍ አድርገው የተዉ አማኞች እንደነበሩ ሽማግሌዎች ያጫውቱናል። ዛሬ የነዚያው የልጅ ልጆች ከአዲስ አበባ ተሳፍረው ለመሳላ አንጋጫ ይገባሉ፤ ማንም ከእምነቱ የወጣ የለም።

በገንዘቡ ነገር ግን ከወጣቶቹ ጋር ነኝ። የማህበሩ ሣጥን ለቀብርና ለችግረኛ የተዋጣ ነው፤ ሙስሊም አባላትም አሉን። ስለዚህ ለገና በሬ ከሣጥን አንድ ብር መውጣት የለበትም። ቅርጫው በፈቃደኞች መዋጮ ይሁን። የማይገባም ሰው አይወቀስ።

ይህ የኔ ሐሳብ ነው፤ የሚቃወም ካለ ጽፎ ያምጣ፣ እዚሁ ሰሌዳ ላይ እለጥፍለታለሁ። ቅርጫ የምትገቡ እስከ ታኅሣሥ 20 ድረስ ገንዘብ ያዡ ዘንድ ተመዝገቡ። እኔ አንድ መደብ ይዣለሁ፤ ግማሹ ለእማማ ነው።

የማህበሩ ጸሐፊ