ከኋላ የሚቆመውን ልጅ ስለ መመዘን

በዚህ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግ ብዙ ጊዜ ጽፈናል፤ ስለ ጨዋታቸው ግን ያልነው ጥቂት ነው። ዛሬ ከአዳሚ ቱሉ የመጡ አንድ አባት ያመለከቱን ጉዳይ ስለ ጨዋታ ብቻ ሳይሆን ስለ ልጅ ዕድሜና ስለ አባት ቃል ስለ ሆነ፥ ልናልፈው አልወደድንም።

እኚህ ሰው በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ የሚያለሙ ገበሬ ናቸው። ልጃቸው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሲሆን፥ ለትምህርት ቤቱ ቡድን በግራ መስመር ተከላካይ ሆኖ ይጫወታል። አንድ ደላላ መጥቶ ልጁን ወደ አንድ ክለብ የወጣቶች ቡድን እንደሚያስገባው ተስፋ ከሰጠ በኋላ፥ «የልደቱ ወረቀት ግን በሁለት ዓመት ዝቅ ብሎ ይጻፍ» አላቸው። እርሳቸውም ወረቀቱን በኪሳቸው ይዘው መጡና፥ «እናንተ የጽሕፈት ሰዎች ናችሁ፤ ልጁ በእውነት ተጫዋች ይወጣዋልን? የሚወጣው ከሆነስ ውሸት ለምን ያስፈልገዋል?» ሲሉ ጠየቁን።

ለሁለተኛው ጥያቄ፥ በፍርድ ቤት መዝገብ ፊት ብዙ ዓመት የተቀመጠ ሰው ከወንበሩ ሳይነሣ ሊመልስ ይችላል። የመጀመሪያው ግን በዐይን የሚታይ ነገር ስለ ሆነ ቅዳሜ ዕለት ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ተጓዝንና፥ ቀድሞ ዝዋይ ትባል የነበረችውን ባቱን አልፈን አዳሚ ቱሉ ደረስን። አዳሚ በኦሮምኛ ቁልቋል፥ ቱሉም ኮረብታ ማለት ነው። ሜዳው አቧራ ነው፤ የግቡም ቋሚ ባሕር ዛፍ ነው። ከቀትር በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ወደ ላይ የተመታ ኳስ ወዴት እንደሚወርድ ማንም አያውቅም።

በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት፥ ሳናፍር እንናገር፥ ምንም አላየንም። እንደ ሕዝቡ ሁሉ ኳሱን በዐይናችን ስንከተል ልጁ ኳሱን የነካው ሁለት ጊዜ ብቻ ስለ ነበረ፥ «የዚህ ልጅ ጨዋታ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም» ልንል ተቃርበን ነበር። በአጠገባችን የተቀመጡ አንድ የቀድሞ አሠልጣኝ ይህን አውቀው፥ «ኳሱን ተዉት፤ ልጁን ብቻ ይመልከቱ» አሉን። እንዳሉን አደረግን።

ከዚያ ወዲያ የታየን ሌላ ጨዋታ ነው። ኳሱ በሜዳው በስተ ቀኝ ርቆ ሳለ ልጁ ዐይኑን በኳሱ ላይ ብቻ አልተከለም፤ አንድ ጊዜ ኳሱን፥ አንድ ጊዜ በጀርባው ሊያልፍ የሚያደባውን አጥቂ ይገላመጣል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ አንገቱን ሲያዞር ቈጥረን ጻፍን። አጥቂው ኳስ ይዞ ሲመጣበት ደረቱን ገትሮ ፊት ለፊት አይቆምም፤ ጉልበቱን ጥቂት አጥፎ በጎን ይቆምና ወደ መሐል የሚወስደውን መንገድ ይዘጋዋል። አጥቂውም ሳይወድ በግድ ወደ ዳር ይሄዳል፤ በዚያ የሜዳው መስመር ራሱ ሁለተኛ ተከላካይ ይሆናል። ልጁ ኳሱን ለመንጠቅ አይቸኩልም፤ ባልንጀሮቹ እስኪደርሱለት ድረስ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ያቆየዋል። አንድ ጊዜ ከፍ ያለ ኳስ መጥቶ ሁሉም ከሥሩ ሲሯሯጡ፥ እርሱ ብቻ ነፋሱን አስቦ አስቀድሞ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደና በቴስታ መለሰው። ሕዝቡ አላጨበጨበም፤ ምክንያቱም የሆነ ነገር የለም። የተከላካይ ሥራ ክፉው ነገር እንዳይሆን ማድረግ ስለ ሆነ፥ ላልሆነ ነገር ደግሞ ምስክር ማግኘት ችግር ነው።

ጥፋትም አየን። በሠላሳኛው ደቂቃ ገደማ ያለ ጊዜው በሸርተቴ ገብቶ አጥቂው ዘለለውና ግብ ሆነ። አባቱ ፊታቸውን በጋቢ ሸፈኑ። አሠልጣኙ ግን «አሁን ነው ማየት» አሉን። ልጁ ተነሣ፤ በግብ ጠባቂው ላይ እጁን አልቀሠረም፥ ከዳኛውም ጋር አልተከራከረም። ያው አጥቂ ዳግመኛ ሲመጣበት በእግሩ ቆሞ ጠበቀውና ኳሱን ወሰደበት። ከግቡ በኋላ ባለው ሩብ ሰዓት የታየውን ያህል ስለዚህ ልጅ ጠባይ የሚያስረዳ ነገር በዚያ ቀን አላገኘንም።

ሕዝብ ተከላካይን መርሳቱ በአዳሚ ቱሉ የተጀመረ አይደለም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ኢትዮጵያ በዚያን ጊዜ የተባበረች ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ፥ ከአራቱ ግብ አንዱን መንግሥቱ ወርቁ እንዳገባ፥ ዋንጫውንም አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ከግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ እንደ ተቀበለ ብዙ ሰው ይነግርዎታል። ከኋላ እነማን ቆመው ነበር ብለው ቢጠይቁ ግን ዝም ይላል። ነገሩ ሲገጥም በዚያው ቀን፥ ማለት ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፥ ከ31 ዓመት በኋላ ወደዚሁ ውድድር ተመልሰን በደቡብ አፍሪካ የዋንጫውን ባለቤት ዛምቢያን ገጠምን። ገና ዕረፍት ሳይደርስ ግብ ጠባቂያችን በቀይ ካርድ ወጣ፤ ግብም ተቈጠረብን። አዳነ ግርማ አቻ ያደረገበትን ግብ ሁሉም ያስታውሳል። ከዕረፍት በኋላ ግን አሥር ሰው ሆነን ምንም ሳይገባብን መውጣታችንን የሚያነሣ ጥቂት ነው።

ስለ ዕድሜው ለአባትዮው ያልነው ይህ ነው። በ16 ዓመት ዕድሜ ጢሙን ያበቀለ ልጅና ድምፁ ገና ያልጎረነነ ልጅ በአንድ ሜዳ ይገኛሉ። ዕድሜው የተቀነሰለት ልጅ በጉልበቱ ከታናናሾቹ በልጦ ይታያል፤ እነርሱ ሲያድጉ ግን ብልጫው ይጠፋና መልማዩም ልጁም ይታለላሉ። ደግሞም ወረቀት ቢዋሽ አጥንት አይዋሽም፤ ዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበር ፊፋ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች በሚደረገው የዓለም ዋንጫ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤም አር አይ መሣሪያ አስመርምሯል። ደላላው ሲለይ «ኋላ ወደ ውጭ አገር እልከዋለሁ» ማለቱንም ሰማን። በፊፋ ደንብ 18 ዓመት ያልሞላው ተጫዋች፥ ከጥቂት ተለይተው ከተጻፉ ምክንያቶች በቀር፥ ከአገር ወደ አገር ክለብ ሊዛወር አይፈቀድለትም።

በአሜሪካ ኳሱን በእጅ ይዘው የሚሮጡበት ሌላ ፉትቦል አለ። እዚያም ከኋላ የሚከላከሉትን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የኮሌጅ መልማዮች እየዞሩ ይመለከታሉ፤ የ40 ያርድ፥ ማለት የ36 ሜትር ተኩል ያህል ሩጫቸውን በሰዓት ይለካሉ። ነገር ግን ልጁ ምንም ፈጣን ቢሆን፥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሳይጨርስና ውጤቱ ሳይመረመር በትልልቆቹ ኮሌጆች አይሰለፍም። እዚያ ጨዋታው ወደ ትምህርት ቤት ማስገቢያ ሲሆን፥ በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ከትምህርት ቤት ማስወጫ ሆኖ መታየቱ ያሳዝነናል። ስለዚህ አባትዮው ደላላውን ሳይሆን የክለቡን ሹማምንት አግኝተው፥ ልጁ የት እንደሚማር፥ የት እንደሚያድር፥ ቢሰበርም ማን እንደሚያሳክመው በጽሑፍ እንዲጠይቁ መከርናቸው።

ስለ ልጁ የሰጠነው ቃል እንዲህ የሚል ነው፤ ዐይኑና ትዕግሥቱ ከዕድሜው ይበልጣሉ፤ በሸርተቴ ይቸኩላል፤ ቀኝ እግሩን አንድ ጊዜ እንኳ ሲጠቀምበት አላየንም፤ እስከ ክለብ ይድረስ አይድረስ ከአንድ ቅዳሜ ጨዋታ የሚፈረድ አይደለም። ልጁ ይህን ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሰማና፥ «ጋሼ፥ ስድስት ጊዜ መዞሬን በእውነት ቈጥረዋልን?» ብሎ ብቻ ጠየቀን።

አባትዮውም የልደቱን ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው አዩትና፥ እንደ ተጻፈ መልሰው አጠፉት። ደላላው እስካሁን አልተመለሰም። ቡድኑ በሚመጣው ቅዳሜ በባቱ ስለሚጫወት፥ እኛም የልጁን ቀኝ እግር ለማየት ለመሄድ ቀጠሮ ይዘናል።